ቺዝን ከሁለት ቁራሽ መጀመር

ቺዝ መቅመስ ለሚጀምር ሰው ትልቁ ችግር የቺዝ ብዛት ነው። አውሮፓ ውስጥ አንድ የቺዝ ሱቅ ስትገቡ መስታወቱ ሥር ሃምሳ ስልሳ ዓይነት ተደርድሮ ይጠብቃችኋል። አንዱ ነጭ ነው፣ አንዱ ቢጫ፣ አንዱን ሰማያዊ ሻጋታ ወርሶታል። ከኋላችሁ ሰልፍ አለ። ሻጩ «ምን ልስጥዎ?» እያለ ቢላውን ይዞ ቆሟል። ብዙ ሐበሻ እዚህ ላይ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ስሙን የሚያውቀውን አንዱን ይጠቁማል፣ ከፍሎ ይወጣል፣ ከዚያ በኋላ ዘመኑን ሙሉ ያንኑ ይገዛል።

እኔ የምመክረው ሌላ ነው። አንድ ዓይነት ቺዝ ብቻ ምረጡ። ከእሱ ግን ሁለት ዕድሜ ግዙ፤ አንድ ለጋ፣ አንድ የከረመ። ከእያንዳንዱ መቶ ግራም ይበቃል። ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ቅመሱ። አንድ ቺዝ ለብቻው ሲቀመስ ሰው «ይጣፍጣል» ወይም «አይጣፍጥም» ብሎ ያልፋል። ሁለት ሲሆን ግን ምላስ ራሱ ጥያቄ ይጠይቃል። ይሄኛው ለምን ጨው በዛበት? ያኛው ለምን አፍ ላይ ቆየ? መቅመስ የሚባለው ነገር የሚጀምረው ከዚህ ነው።

የምኖረው ምሥራቅ ፈረንሳይ ነው፤ ዡራ ከሚባለው ተራራማ አገር ብዙም አልርቅም። ስለዚህ እኔ የጀመርኩት በኮምቴ ነው፤ ሰውም ሲጠይቀኝ በእሱ አስጀምራለሁ። ኮምቴ ከላም ወተት የሚሠራ፣ ትልቅ፣ ክብና ጠንካራ ቺዝ ነው። አንዱ ክብ 40 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። እሱን ለመሥራት ወደ 400 ሊትር ወተት ያስፈልጋል። ወተቱ ፓስቸራይዝድ አይደረግም። ላሞቹ ሞንቤሊያርድ ወይም የፈረንሳይ ሲመንታል ከሚባሉት ዝርያዎች መሆን አለባቸው። መስኩ ለምለም በሆነበት ወራት ሣር ይግጣሉ፣ በብርዱ ወራት ድርቆሽ ይበላሉ። ተቀብሮ የተብላላ መኖ ፈጽሞ አይሰጣቸውም። ቺዙም አራት ወር ሳይሞላው ለገበያ አይወጣም። እነዚህ ደንቦች በሕግ የተያዙ ናቸው፤ ኮምቴ የስም ጥበቃ ያገኘው በ1958 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)።

ሰው ይህን የሚያህል ቺዝ ለምን ይሠራል? ዡራ ብርዱ ረጅም ነው። በሞቃቱ ወራት የተትረፈረፈውን ወተት ለብርዱ ማቆየት ነበረባቸው፤ ትልቅና ጠንካራ ቺዝ ደግሞ ቶሎ አይበላሽም። ግን 400 ሊትር ወተት ከአንድ ቤት ከየት ይመጣል? ስለዚህ የዚያ አገር ገበሬዎች ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ወተታቸውን ማዋጣት ያዙ። ወተቱ የሚዋጣባት የመንደር ቺዝ ቤት ፍሩዊትየር ትባላለች። ዛሬም ኮምቴ የሚሠራው እዚያ ነው፣ በትልልቅ የመዳብ ጋኖች። መጀመሪያ ይህን ሲያስረዱኝ ወዲያው የታሰበኝ የጉራጌ እናቶች ዊጆ ነበር። አንድ ሁለት ላም ያላት ሴት የቀን ወተቷ ለብቻው ቁም ነገር አይሞላም። ሴቶቹ ተሰባስበው ያላቸውን እያዋጡ በየተራ ለአንዷ ይሰጣሉ፤ የደረሳት ሴት ደህና ቅቤ ይዛ ገበያ ትወጣለች። ዡራና ጉራጌ አይተዋወቁም። ወተት ግን የትም አገር ያው ወተት ነው፤ ቶሎ ይበላሻል፣ ከአንድ ቤት የሚገኘውም ጥቂት ነው። ሁለቱም ቦታ ሰዎች ተመሳሳይ መፍትሔ አገኙ። ስለ ቺዝ ከሰማሁት ሁሉ ይሄን ያህል ደስ ያለኝ የለም።

የከረመውን ኮምቴ ጣዕም ለመረዳት የት እንደከረመ ማወቅም ይረዳል። ዡራ ተራራ ላይ ፎር ሳንት አንትዋን የሚባል ምሽግ አለ። ከ1879 እስከ 1882 ባለው ጊዜ ለጦር ሠራዊት የተሠራ፣ ግንቡ ወፍራም፣ ላዩ አፈር የለበሰ ነው። በ1966 ማርሴል ፔቲት የሚባል የቺዝ ነጋዴ የቺዝ ማስቀመጫ አደረገው። ዛሬ ውስጡ ወደ መቶ ሺህ ክብ ኮምቴ በእንጨት መደርደሪያ ላይ ተኝቷል። እየተገላበጠ፣ ቅርፊቱ በጨው ውኃ እየታሸ ወራቱን ይቆጥራል። ሲደርስ ከ20 ነጥብ ይሰጠዋል። ከ14 በላይ ያገኘ አረንጓዴ ቀበቶ ይታሰርለታል፤ ከ12 እስከ 14 ያለው ቡናማ። ከ12 በታች ከሆነ ኮምቴ ተብሎ አይሸጥም። ሱቅ ውስጥ የክቡን ጠርዝ ብታዩ ቀለሙን ታገኙታላችሁ። ቡናማው መጥፎ ነው ብላችሁ አትሽሹ፤ ነጥቡ ለመልኩም ስለሚሰጥ ጣዕሙ ደህና ሆኖ ቅርፁ ያስቀነሰበትም አለ።

እንግዲህ ሁለቱ ቁራሾች ጠረጴዛ ላይ አሉ እንበል፤ አንዱ የስድስት ወር፣ ሌላው የሃያ አራት ወር። ከፍሪጅ ከወጡ አንድ ሰዓት ያህል ሊሆናቸው ይገባል። ይሄን በቀላሉ አትዩት። ቀዝቃዛ ቺዝ ሽታውን አይሰጥም፤ ስቡም እንደጠጠረ ነው። ብዙ ሰው «ይሄ ቺዝ ጣዕም የለውም» የሚለው ከፍሪጅ አውጥቶ ወዲያው ስለሚጎርሰው ነው።

መጀመሪያ እዩት። ለጋው ነጣ ያለ ነው፣ የከረመው ጠቆር ይላል። ቀለሙን የሚወስነው ግን ዕድሜ ብቻ አይደለም። ላሟ አረንጓዴ ሣር ስትበላ ሣሩ ውስጥ ያለው ካሮቲን የሚባል ቢጫማ ቀለም ወተቱ ውስጥ ይገባና ቺዙ ቢጫ ይሆናል። ድርቆሽ በምትበላበት ወቅት የተሠራው ይገረጣል። ቀጥሎ ንኩት። ቀጠን አድርጋችሁ ቆርጣችሁ እጠፉት። ለጋው ይለመጣል፤ የከረመው ይሰበራል። የተሰበረውን ጠጋ ብላችሁ ብታዩት ውስጡ ነጫጭ ነጠብጣቦች ታያላችሁ። ጥርስ ላይ ቅርጭ የሚሉት እነሱ ናቸው። ጨው ይመስላሉ፣ ግን አይደሉም። ፕሮቲኑ በጊዜ ብዛት እየተፈረካከሰ ሲሄድ ታይሮሲን የሚባለው አሚኖ አሲድ ተለይቶ ይረጋል። እነሱን ካያችሁ ቺዙ በእርግጥ ጊዜ አሳልፏል ማለት ነው።

ከዚያ አሽትቱት። አፍንጫችሁ አጠገብ ይዛችሁ ለሁለት ስበሩት፤ ሽታው የሚወጣው ያኔ ነው። አሁን ጉረሱት። ቶሎ አትዋጡ። ቀስ ብላችሁ አኝኩና አፋችሁን ዘግታችሁ በአፍንጫችሁ ተንፍሱ። ጣዕም የምንለው አብዛኛው ነገር ከጉሮሮ በኩል ወደ አፍንጫ የሚወጣ ሽታ ነው። ካላመናችሁ አፍንጫችሁን በጣታችሁ ይዛችሁ ጉረሱ። ጨዉና ኮምጣጣነቱ ብቻ ይሰማችኋል። ጣታችሁን ስትለቁ ቺዙ በአንድ ጊዜ ይመጣል። ለልጆች አሳዩዋቸው፤ በጣም ይወዱታል።

ምን ይገኛል? ለጋው ላይ ትኩስ ወተት አለ፣ ለጋ ቅቤ አለ፣ ትንሽ የእርጎ ኮምጣጣነት አለ። የከረመው ሌላ ዓለም ነው። እዚህ አገር የኮምቴ ቀማሾች የሚጠቀሙበት የሽታ ሰንጠረዥ አለ። 83 ሽታዎች በ6 ቤተሰብ ተከፍለው ተዘርዝረውበታል፤ የወተት፣ የፍራፍሬ፣ የተቆላ ነገር፣ የዕፅዋት፣ የእንስሳ፣ የቅመም። ጥሩ መሣሪያ ነው። ግን እሱን መሸምደድ አያስፈልጋችሁም። አንድ ጊዜ አክስቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ሁለቱን ቁራሾች አቀረብኩላት። ለጋውን ቀምሳ «ይሄ ገና ልጅ ነው» አለች። የከረመውን ጎርሳ ዝም አለች። ቆይታ፣ «ይሄኛውስ ቁሌት ቁሌት ይላል ልጄ፤ ሽንኩርቱ ቀላ ሲል፣ ዘይቱ ሳይበዛበት» አለችኝ። ከዚያ ደግሞ «ቆሎም አለው» ጨመረች። የተቁላላ ሽንኩርትም፣ የተቆላ ነገርም የፈረንሳዮቹ ሰንጠረዥ ላይ አሉ። አክስቴ ሰንጠረዡን አይታው አታውቅም። ዕድሜዋን ሙሉ ድስት አጠገብ የቆመች ሴት ናት፤ አፍንጫዋ የሚያውቀውን ተናገረች።

ለዚህ ነው «እኛ የቺዝ ሕዝብ አይደለንም» የሚለውን አባባል የማልቀበለው። ለጋ ቅቤን ከበሰለ ቅቤ በሽታ የሚለይ ሕዝብ ነው። የወተት ዕቃውን በወይራ የሚያጥን፣ ከዚያ ወተቱን ሲጠጣ ጭሱ በዝቷል አንሷል ብሎ የሚከራከር ሕዝብ ነው። አይባችን ራሱ ቀላል ነገር አይደለም። ወተቱ ተጠራቅሞ ይረጋል፣ ይናጣል፣ ቅቤው ይወጣል። የቀረው አሬራ ዝግ ባለ እሳት ላይ ይቀመጣል። እሳቱ ከበዛ አይቡ ይጠነክርና ላስቲክ ይሆናል። ደህና ከተሠራ አይቡ ለስልሶ ይረጋል፣ አጓቱ ይለያል። ቅቤው ቀድሞ ስለወጣ ስቡ ትንሽ ነው። ጎጃም ውስጥ ደግሞ አይብን በቅመም አድርገው ለሳምንታት በማብላላት የሚሠሩት መታታ የሚባል አይብ አለ። የሚከርም አይብ የፈረንጅ ብቻ አይደለም።

በአይባችንና በኮምቴ መካከል ያለው ዋና ልዩነት አረጋጉ ላይ ነው። አይብ የሚረጋው በኮምጣጣነትና በሙቀት ነው። ኮምቴና መሰሎቹ ግን ከጥጃ ጨጓራ በሚገኝ ኢንዛይም ይረጋሉ። አይብ እሳት ላይ ስታደርጉት የማይቀልጠው፣ ኮምቴ ደግሞ የሚቀልጠውና የሚሳበው በዚህ ምክንያት ነው። የጥጃው ነገር በሃይማኖት ወይም በሌላ ምክንያት የሚያሳስባችሁ ካላችሁ ማሸጊያውን አንብቡ። ከረቂቅ ተሕዋስያን በተገኘ ኢንዛይም የሚረጉ ብዙ ቺዞች አሉ። ፓርሚጃኖ ሬጃኖ የሚባለው የጣሊያን ጠንካራ ቺዝ ግን ሁልጊዜ በጥጃው ነው። ወተት ሆዳችሁን የሚያስቸግራችሁም ከሆነ ኮምቴን፣ ፓርሚጃኖን የመሰሉ የከረሙ ጠንካራ ቺዞች ላክቶስ የሚባለው የወተት ስኳራቸው ከሞላ ጎደል አልቋል። ብዙ ወዳጆቼ ወተት የማይጠጡ ሆነው እነዚህን በሰላም ይበላሉ።

አዲስ አበባ ላላችሁ ኮምቴ ፍለጋ መንከራተት አያስፈልግም። የአገር ውስጥ ፕሮቮሎኔና ሞዛሬላ ገዝታችሁ ጎን ለጎን አድርጉ። ሁለቱም የረጋው ወተት በሙቅ ውኃ እየተለጠጠ የሚሠራ ፎርማጆ ነው። ሞዛሬላው ለጋ ነው፣ ፕሮቮሎኔው እንዲቆይ ተደርጓል። ወይም የዛሬ አይብና የሦስት ቀን አይብ አቅርቡ። ያው ትምህርት ነው። ለጿሚ ደግሞ የተለየ አጋጣሚ አለ። ከ55 ቀን ጾም በኋላ የፋሲካ ዕለት የሚቀመስ የመጀመሪያ አይብ ጨዉም፣ ስቡም፣ ኮምጣጣነቱም እያንዳንዱ ለብቻው ይሰማል። ያን ጠዋት ዶሮው ላይ ከመድፋታችሁ በፊት አንድ ማንኪያ ለብቻው ቅመሱ።

ኮምቴ ላይ ምላስ ከተፈታ በኋላ ወደ ሌሎቹ መሄድ ይቀላል። ብሪና ካማምቤር የሚባሉት የፈረንሳይ ለስላሳ ቺዞች ላያቸው ላይ ነጭ ሻጋታ አለ፤ የሚበስሉት ከውጭ ወደ ውስጥ ነው። መሐሉ ነጭና ጠጣር ከሆነ ገና ነው፤ አሞኒያ ከሸተተ አልፎበታል። የፍየል ቺዝ ለጋው ኮምጣጣ ስለሆነ አይብ ለለመደ ሰው ቅርብ ነው። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ለስላሳና ካልፈላ ወተት የተሠሩትን ተዉ፤ ሊስቴሪያ የሚባል ባክቴሪያ ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል።

ሰማያዊው ላይ ግን ትንሽ ልቆይ፤ ሐበሻ በጣም የሚሸሸው እሱን ነው። ሮክፎርን ውሰዱ። ከበግ ወተት ነው የሚሠራው፤ በጎቹ ላኮን የሚባሉ ዝርያ ናቸው። የሚበስለው ደቡብ ፈረንሳይ ኮምባሉ ከሚባል ተራራ ሥር ባሉ ዋሻዎች ብቻ ነው። ዋሻዎቹ በተፈጥሮ ስንጥቅ አየር ይገባቸዋል፤ ሁልጊዜ ቀዝቃዛና እርጥብ ናቸው። ሻጋታው ፔኒሲሊየም ሮክፎርቲ ይባላል። በድሮ ጊዜ ዳቦ እያሻገቱ ነበር የሚያገኙት። ቺዙ በመርፌ ይበሳሳል፤ ሻጋታው አየር ስለሚፈልግ በየቀዳዳው ሰማያዊ ሥር ይሠራል። ስለዚህ የምታዩት ነገር የተበላሸ ምግብ አይደለም። ተመርጦ፣ ተዘርቶ፣ ተጠብቆ የበቀለ ነው። በ1925 ፈረንሳይ ለዚህ ቺዝ ስም ለብቻው ሕግ አወጣችለት። የመጀመሪያው ቁራሽ የምስር ፍሬ ያህል ይሁን። ጨዉ ኃይለኛ ነው፤ ብቻውን በትልቁ የጎረሰው ሰው ሁለተኛ አይመለስም።

ወደ ማጣመሩ የምገባው በዚህ በኩል ነው፤ ሮክፎር ጓደኛ ይፈልጋል። ጨው የበዛበት ቺዝ ጣፋጭ ነገር ሲያገኝ ይረጋጋል። ማር አንድ ጠብታ ጣል አድርጉበት። ፈረንሳዮቹ ሶተርን የሚባለውን ጣፋጭ ነጭ ወይን ያቀርቡለታል። ቀይ ወይን ለቺዝ ነው የሚለው ልማድ ግን አያሳምነኝም። ቀይ ወይን ውስጥ አፍ የሚያደርቅ ታኒን አለ። ብሪን ከመሰለ ለስላሳ ቺዝ ጋር ሲገናኝ አፍ ላይ የብረት ጣዕም ይተዋል። ነጭ ወይን ይሻላል፤ ኮምጣጣነቱ ስቡን ያጥባል። የዡራ ሰዎች ለከረመ ኮምቴ የሚያቀርቡት ቫን ዦን የሚባል የራሳቸው ነጭ ወይን አለ። ከመታሸጉ በፊት ቢያንስ ስድስት ዓመት ከሦስት ወር ይቆያል፤ አብዛኛውን ጊዜ በርሜል ውስጥ በእርሾ ሽፋን ሥር ነው። የሚቀርበው 62 ሳንቲሊትር በምትይዝ ድብልብል ጠርሙስ ነው። እሱ ራሱ የለውዝ ሽታ ስላለው ከኮምቴው ጋር ይግባባል።

ወይን ለማይጠጣ ብዙ መንገድ አለ። ስዊዘርላንድ ውስጥ ከቀለጠ ቺዝ ጋር ትኩስ ሻይ መጠጣት የተለመደ ነው። እኔም ኮምቴን ከሻይ ጋር እወደዋለሁ፤ ስኳር ሳይገባበት። ቡናችን ግን ለአብዛኛው ቺዝ ይከብደዋል፤ መራራነቱ ሁሉን ነገር ይሸፍናል። ከዚህ የማወጣው የኖርዌዩን ቡናማ ቺዝ ነው። እሱ አጓቱ ስኳሩ እስኪቀላ ድረስ እየፈላ ስለሚሠራ ካራሜላ ካራሜላ ይላል፤ ከቡና ጋር ይስማማል። ዳቦ ሲሆን ድፎ ዳቦ አሪፍ ነው፣ ጥቁር አዝሙድ ካልበዛበት። ሚጥሚጣና አዋዜ ከኮምቴ አጠገብ አይቅረቡ። እነሱ የአይብ ናቸው። ክትፎ ላይ ሚጥሚጣው ሲያቃጥል አይቡ የሚያበርደው በከንቱ አይደለም፤ የወተት ፕሮቲን የሚያቃጥለውን ነገር ከምላስ ላይ ያነሳዋል። ይህን ጥምረት ያገኙት ሰዎች ከማንም የወይን አዋቂ አያንሱም።

ለሮክፎር የመጨረሻ ምርጫዬ ጠጅ ነው። ደረቁ አይሆንም፤ የጌሾው ምሬት ከሻጋታው ጋር ይጣላል። ለስላሳውን ጠይቁ፣ ማሩ ገና የሚሰማበትን። አልኮል ለማይነካ ብርዝ አለ። ቀዝቀዝ አድርጋችሁ በብርሌ ቅዱ። መጀመሪያ ትንሽ ቁራሽ ሮክፎር ጉረሱና ጨዉ አፍ እስኪሞላ ጠብቁ። ከዚያ ተጎንጩ። ቅደም ተከተሉን ገልብጣችሁም ሞክሩት፣ መጀመሪያ ብርዙን፣ ቀጥሎ ቺዙን። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ አክስቴ ሁለተኛውን።